ስልሳ አንድ የጥርስ ሕመምተኞች

ሰው ሁሉ «እትዬ መስኮት» ነው የሚላት። በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ጀርባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ገበያ ላይ ያገኛት ሰው ለአፍታ ይደናገራል፤ እግር እንዳላት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነውና። እሷም ብትሆን ሰውን የምታየው በመስኮቷ ልክ ነው፤ ግንባሩን፣ ዓይኑንና አፉን። ከዚያ በላይ አሳዩኝ ብላ አታውቅም፤ ያየችው ራሱ ይበቃታል።

ንቀቷን ለሁሉም እኩል ታካፍላለች። ሊሞት ሁለት ሐሙስ ቀርቶት «ትንሽ ነው ያመመኝ» የሚለውን ትንቃለች። ልሞት ነው እያለ ተራ የሚጋፋውን ጉንፋናምም ትንቃለች። ታማሚው ሲጠየቅ እነሱ የሚመልሱትን አጃቢ ዘመዶች፣ ካርዱን ጥሎ «እናንተ ናችሁ ያጠፋችሁት» ባዩን፣ ነጭ ጋዋን በለበሱ ማግስት ሰላምታ የሚረሱትን አዳዲስ ሐኪሞች፣ አንዳቸውንም አታስቀርም። ከሁሉ የባሰ የሚያንገሸግሿት ግን ከንፈር መጣጮቹ ናቸው። በግቢው የቆርቆሮ ጣራ ሥር በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ የታመመ ሰው ሲያልፍ «ውይ አንጀቴን በላው» ይላሉ፤ ሰውየው ገና ከበሩ ሳይወጣ ደግሞ ሥጋውን መቦጨቅ ይጀምራሉ። ድምፃቸው ባይሰማት እንኳ ከአፋቸው እንቅስቃሴ ማንን እያሙ እንደሆነ ታውቃለች።

እሷም ለእነዚህ ሰዎች ስንቅ አቀባይ ሆና ኖራለች። የካርድ ክፍሉ አሠራር ጩኸት ነው። ካርዱን ታነሳለች፣ የተራ ቁጥሩንና የክፍሉን ዓይነት ትጣራለች፣ ባለካርዱ ተነስቶ ይሄዳል። «አርባ ሁለት፣ ሳንባ!» «ሃምሳ፣ ነፍሰ ጡር!» ድምፅዋ አጥር ዘሎ መንገደኛ ያስቆማል ይባልላት ነበር፤ እሷም ይህን እንደ ሙያ ቆጥራ ትኮራበት ነበር። ማን ምን እንደያዘው አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በእሷ አፍ ነው። ነውር መሆኑን የነገራት አልነበረም። ቢነግሯትም የምትሰማ ዓይነት ሴት አልነበረችም።

ሰባት ቁጥር ክፍል የተከፈተው በዚህ መሐል ነው። ከላይ ሰዎች መጡ፣ ኃላፊያቸው ሪባን ቆረጠ፣ በበሩ ላይ «የአእምሮ ጤና ክፍል» የሚል ሰሌዳ ቸነከሩ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። ግማሹ ክፍል የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን እንደሆነ ቀረ። በቀረው ግማሽ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ ነርስ አስቀመጡ። እትዬ መስኮት እሱንም ናቀችው። ወር ሙሉ አንድ ሰው ሳይመጣለት ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛውን የሚወለውል ሰው ምን ይባላል?

የመጀመሪያው ሰው ጣራ ሠሪው ነበር። የግማሹን መንደር ቤት ጣራ ያለበሰው እሱ ነው። መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብሎ፣ ከእንቅልፍ ከተጣላ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ እህል አልዋጥለት እንዳለ፣ ያንን አዲስ ነርስ ማየት እንደሚፈልግ በሹክሹክታ ነገራት። እሷም ካርዱን አወጣችለትና እንደ ልማዷ ተጣራች፤ «ሠላሳ አንድ፣ አእምሮ፣ ሰባት ቁጥር!»

ግቢው ውስጥ ያለ አንገት ሁሉ ዞረ። አንዷ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። አንዱ ሳቀ። ጣራ ሠሪው ቆሞ ግራ ቀኝ አየና፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ ተሳስታችኋል፣ እኔ የመጣሁት ለወገቤ ነው አለ። ከዚያ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። እትዬ መስኮት ካርዱን ወደ ቦታው መለሰችና «ሠላሳ ሁለት» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚስቱ ጥቁር ለብሳ መስኮቱ ጋ መጣች። ባሏ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጥፍቷል። የመጣችው የካርድ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ልትመልስ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ነው ብላ። እትዬ መስኮት ወረቀቱን ተቀበለች። ለዓመታት ስትጠይቅ የኖረችውን ጥያቄ አፏ ሳታዘው ጠየቀ፤ «ቀጠሮ ነበረው?»

«አልነበረውም» አለች ሴትየዋ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እትዬ መስኮት አላለቀሰችም፤ አልቃሾችንም ትንቃለችና። በምሳ ሰዓት ሰባት ቁጥር ገብታ፣ ከተሰበሩት ወንበሮች ደህና በመሰላት ላይ ተቀመጠችና፣ ሰውየውን እኔ ነኝ የገደልኩት ወይ ብላ ነርሱን ጠየቀችው። እሱም አንድ ነገር ብቻውን ሰው አይገድልም አላት፤ ብዙ ነገር ተጠራቅሞ ነው። «ግን እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር» አለ። ሊያጽናናት እንዳልሞከረ ገባት፤ በዚያች ቀን ከንቀቷ መዝገብ ፋቀችው። በእሱ ቦታ ራሷን አስገባች።

በማግስቱ ቢላዋ ይዛ ሄደች፤ የሰባት ቁጥርን ሰሌዳ ፈነቀለች። በምትኩ ከዕቃ ግምጃ ቤት ያገኘችውን አሮጌ ሥዕል ለጠፈች፤ ብሩሽ የያዘ፣ እየሳቀ የሚራመድ ትልቅ ጥርስ ነው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብሎ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ መኖሩ ሰለቸኝ የሚል ሰው ሲመጣ፣ እትዬ መስኮት አንገቷን አውጥታ በጆሮው ታንሾካሹካለች፤ «ጥርስህን ነው የሚያምህ። ገባህ?» ቀጥላም በሙሉ ድምፅዋ «አሥራ ስድስት፣ ጥርስ!» ትላለች። ከንፈር መጣጮቹ ጉንጫቸውን ይዘው ያዝናሉ። እውነተኛ ጥርስ ያመመው ሲመጣ ወደ ሦስት ቁጥር ትሰደዋለች፤ እዚያ «ልዩ ልዩ ሕመም» ብለው መዝግበው ማስታገሻ ይሰጡታል።

በመጀመሪያው ወር አራት ሰው መጣ። ከዚያ ዘጠኝ። አንዱ ለአንዱ እየነገረ፣ እዚያ ጤና ጣቢያ ጥርስ ቢያምህ ደህና ሰው አለ እየተባለ፣ በዓመቱ ስልሳ አንድ ደረሱ። ነርሱ በሩን ዘግቶ ያነጋግራቸዋል፣ ለሚያስፈልገው መድኃኒት በየሳምንቱ እየለካ ይሰጣል፣ ከቀጠሮ የቀረውን ሰው ጫማውን አጥብቆ እቤቱ ድረስ ይፈልጋል። በዚያ ዓመት ከስልሳ አንዱ አንድም አልሞተም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከታካሚዎቹ መሐል ባለወፍጮው አለ። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ቅንድቡ ከዱቄት ጸድቶ የማያውቅ፣ ከሞተር ድምፅ በላይ መጮህ ስለለመደ እንደምን አደራችሁ ሲል ጠብ የሚፈልግ የሚመስል ሰው ነው። የታመመው ያለ ምክንያት ነው። ሚስቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ወፍጮው ደህና። ሰዎች ሐዘንን የሚፈቅዱት ሬሳ ወይም ቃጠሎ ሲያዩ ነው፤ ያለዚያ ጥጋብ ነው ይሉሃል። ባለወፍጮው ራሱም ጥጋብ ነው ብሎ ብዙ ጊዜ ራሱን ሲሰድብ ከርሞ ነበር የመጣው።

ታዲያ እትዬ መስኮት አንድ ስሕተት ሠራች፤ ካርድ ክፍል ያረጀ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት። በየወሩ ወደ ላይ የሚላከውን ሪፖርት የምትሞላው እሷ ናት። ካርዱ ጥርስ ካለ ሪፖርቱም ጥርስ ማለት አለበት፤ ካርድና ሪፖርት ከተለያየ ለእሷ ሰማይና ምድር ተለያየ ማለት ነው። ስለዚህ ጥርስ፣ ስልሳ አንድ፤ አእምሮ፣ ዜሮ። ነርሱ ሳያነብ ይፈርማል፤ ያምናታላ። ለዜሮ ሕመምተኛ ይህ ሁሉ የአእምሮ መድኃኒት የት ይገባል ብሎ የጠየቀ ከላይ አልነበረም። መድኃኒቱን የሚያየው ሌላ ክፍል ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም።

በዓመቱ መጨረሻ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ደስታ በደስታ ነው። በአካባቢያችሁ የጥርስ ሕመም በአሳሳቢ ሁኔታ ስለተስፋፋ፣ ባለሙያና ዘመናዊ ወንበር ይዘን ለዘመቻ እንመጣለን፤ በአንጻሩ የአእምሮ ሕመምን ፈጽሞ ስላጠፋችሁ ምስጋናችንን እየገለጽን፣ የአእምሮ ነርሱ ሕመምተኛ ወዳለበት ቦታ እንዲዛወር ተወስኗል ይላል። የፈረመው ያ ሪባን ቆራጩ ኃላፊ ነው። እትዬ መስኮት ሁለት ጊዜ አነበበችውና ይህን ሰውዬ ከዚህ በላይ መናቅ ይቻል ይሆን ብላ አሰበች።

ነርሱ ሪፖርቱን ምን ብላ እንደሞላች ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ስልክ ደወለ። ኃላፊው ማስረጃ አምጡ አለው፤ ሕመምተኛ አለ ካላችሁ ስም ዝርዝር። እትዬ መስኮት ይህን ሰውዬ ታውቀዋለች። እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ በድምፅ ማጉያ ካላነበበ የሠራ አይመስለውም። ባለፈው የሽንት ቤት ቁፋሮ ዘመቻ፣ ያልቆፈሩትን ሰዎች ከነአባታቸው ስም አደባባይ ላይ አንብቧል።

«ሌላው ሁሉ ሌላ ቦታ ሄዶም ቢሆን ይታከማል» አላት ነርሱ። «የባሰባቸውን ዘጠኙን ትቼ ብሄድ ግን እፈራለሁ።» እነማን እንደሆኑ አልነገራትም። አንዱን ግን አወቀችው።

ወፍጮ ቤት የሄደችው በምሳ ሰዓት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ወልቆ፣ ባለወፍጮው ድንጋዩን ገልብጦ በመዶሻ ይወቅር ነበር። ደብዳቤውን ነገረችው። ከአካባቢው የተከበረ አንድ ሰው ቀድሞ ስሜን ጻፉ ቢል ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ነርሱም ይቀራል አለችው። መዶሻውን አስቀመጠና በልብሱ እጁን ጠረገ።

«የእህል ነገር እኮ እምነት ነው፣ እትዬ» አለ። በገዛ ወፍጮ ቤቱ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሲሞክር ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። «ሰው ጆንያውን ጥሎልኝ ይሄዳል፤ ስመልስለት ለልጆቹ ያበላል። ነገ ጭንቅላቱን ያመዋል ከተባለ ማን ነው እኔ የፈጨሁትን የሚበላው? ልጄንስ ማን ያገባታል?»

«ነርሱ ከሄደስ?»

ነርሱ የመጀመሪያ ቀን በሩን ዘግቶ ምን እንዳለው ነገራት። መሞት አስበህ ታውቃለህ ወይ አለኝ አላት፤ እንዲሁ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ውኃ ጠምቶሃል ወይ እንደሚባል። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው በዕድሜው ገጥሞት አያውቅም። አዎ አለው። የሰማይ ቁራጭ ይወድቃል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ነርሱ ግን ወንበሩን አስጠጋና መቼ መቼ ነው የምታስበው አለው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይጠይቀዋል፣ እሱም ይመልሳል። መልሱ እየቀለለው ሄዷል።

«እና ስምህን ልጻፍ?»

«አትጻፊ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም የሚለው ጎተራ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው» አለችው። «አንተ እንኳ የነቀዘ ስንት አይተሃል።»

መዶሻውን መልሶ አነሳ። ከአፏ እንደማይወጣ ቃል እንድትገባለት ጠየቃት፤ ቃል ገባች። መንገዱን በሙሉ ፈሪ እያለች ስትሰድበው ሄደች። ቤቷ ስትደርስ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ያንን ፍርሃት በየማለዳው በጩኸት ስትዘራ የኖረችው ማን እንደሆነች ትዝ አላትና ስድቡን ተወችው።

የዘመቻው ቀን ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ወንበሩ በመኪና መጣ፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል፣ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠለት ወንበር ነው። ሰባት ቁጥር ውስጥ ተከሉት። የተሰበሩት ወንበሮች ከነነርሱ ወደ ውጭ ወጡ፤ ነርሱ የማዘዋወሪያ ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ጣራው ጥግ ሥር ቆመ። በሁለት እንጨት መሐል ጨርቅ ተወጥሯል፤ በላዩም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ኃላፊው ጨርቁ ሥር ቆሞ በድምፅ ማጉያው ስለ ጥርስ አርባ ደቂቃ ተናገረ። የገዛ ጥርሱ የሲጋራ ጭስ መውጫ ይመስላል።

ከዚያ ከየወሩ ሪፖርት ያሰባሰበውን የጥርስ ሕመምተኞች ስም ዝርዝር አወጣ። እትዬ መስኮት ይህን አላሰበችውም ነበር። በመዝገብ የተያዙት ስልሳ አንድ የጥርስ ሕመምተኞች ቅድሚያ ያገኛሉ አለና ስማቸውን ማንበብ ጀመረ። የተጠራው ሁሉ እያመነታ ተነሳ። አለመነሳት አይቻልም፤ ዓመት ሙሉ ጥርሴን ጥርሴን ሲል ኖሮ፣ ሐኪም ከነወንበሩ በሩ ድረስ ሲመጣለት የሚቀመጥ ሰው ምን ሊባል ነው? ተሰለፉ። ሁሉም የምላሱን ጫፍ በጤነኛ ጥርሱ ላይ እያንከባለለ ይጠብቃል። እትዬ መስኮት በሩ ላይ ቆማ የገባውንና የወጣውን እንድትመዘግብ ታዘዘች።

የመጀመሪያው ባለወፍጮው ነው። ወንበሩ ላይ ሲወጣ ወንበሩ አቃሰተ። ጥርስ ሐኪሙ ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ የነበረ፣ ዓይኑ የቀላ ጎልማሳ ነው። መብራቱን አበራ፣ በብረቱ አንድ በአንድ እያንኳኳ ይሄ ነው? ይሄ ነው? ይላል። ባለወፍጮው ራሱን በአሉታ ይነቀንቃል። ሐኪሙ ቀና አለና እንዲህ ያለ ጥርስ አይቶ እንደማያውቅ፣ ይህ አፍ ለማስተማሪያ የሚሆን እንደሆነ ተናገረ።

ኃላፊው በበሩ አንገቱን አስገባ። «መዝገቡ ታማሚ ነው ይላል፤ እንዴት ነው የሚሆነው?» አለ። ዘመቻው የሚለካው በተነቀለ ጥርስ ነው፤ ዕቅዱ አርባ ነው። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀና ባለወፍጮውን አየው። ባለወፍጮው እትዬ መስኮትን አያት። አንድ ቃል ከአፏ ቢወጣ ጥርሱ ይተርፋል፤ ቃል የገባችው ደግሞ ያችን ቃል እንዳታወጣ ነው። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ማለት ሲገባት የጮኸች ሴት፣ ዛሬ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፋት። ከራሷ የባሰ ከንቱ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልታያትም።

ባለወፍጮው ወፍራም ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተና በስተኋላ ያለውን አንድ መንጋጋ ነካ። «ይሄ ነው። ንቀለው» አለ።

ጤነኛ ጥርስ በቀላሉ አይለቅም። ሐኪሙ ጉልበቱን ወንበሩ ላይ አድርጎ ታገለ። ባለወፍጮው አልጮኸም፤ እጁ ብቻ የወንበሩን አዲስ ፕላስቲክ ይዞ ቀደደው። ከወንበሩ ሲወርድ ጉንጩ በጥጥ ተወጥሯል፤ ጥርሱን በመዳፉ ይዟል። በሩ ላይ ከኋላው ባለተራ የሆነችው ልብስ ሰፊ ቆማለች፤ ገና ልጅ እግር ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ወዲህ ነው ጥርስ ያመማት። ምን እንደሆነ ገብቷታል። አፏን በነጠላዋ ከልላ፣ ምን ዓይነት ክር ይሻላል እንደምትል ሁሉ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤

«የቱን ሰጠኸው? የቱ ይሻላል?»

ባለወፍጮው ተመለከታት። ከእሷ ኋላ የተሰለፉትን ሃምሳ ዘጠኝ ሰዎች ተመለከተ፤ ሁሉም የሚገብሩትን ጥርስ እየመረጡ ነው። ፊቱ ላይ የመጣው ቁጣ ነበር፤ ለማን እንደሆነ እሱም ያወቀው አይመስልም። ጥጡን መሬት ላይ ተፋው። ያንን የሞተር አጠገብ ድምፁን በዚያ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣው።

«ይህን እዩት» አለ፤ ጥርሱን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ። «ጤነኛ ነው። ጥርሴን አሞኝ አያውቅም። ዓመት ሙሉ እዚህ ክፍል የተመላለስኩት ሞት ሞት እያለኝ ነው። ያቆየኝ እዚያ ጥግ የቆመው ነርስ ነው። እሱን ወስዳችሁ ወንበር ሰጣችሁኝ።» ደም ዋጠ። «አንቺ ደግሞ ጥርስሽን ይዘሽ ውጪ። አይበቅልም።»

ማንም አላጨበጨበም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ሕዝብ አብሮ የሚነሳው በሌላ አገር ይሆናል። አግዳሚው ላይ ያሉት ከንፈር መምጠጡን እንኳ ረስተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከሰልፉ ግማሹ እግሬ አውጪኝ ብሎ በጓሮ በር ወጣ፤ ነገሩ ስሙ ጋ ሳይደርስ። ሌላው ጉንጩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ግን እጇን ከመንጋጋዋ ላይ አወረደች፣ ግቢውን በሰው ሁሉ ፊት አቋረጠች፣ ነርሱ ዘንድ ስትደርስ ከተሰበሩት ወንበሮች አንዱን ስባ ተቀመጠች። ሁለት ሰዎች ተከተሏት። ከስልሳ አንድ፣ ከባለወፍጮው ጋር አራት።

ኃላፊው ወደ እትዬ መስኮት ዞረ። «ዜሮ ብለሽ አልነበር የላክሽው?» አላት፤ ድምፅ ማጉያው ክፍት እንደሆነ ረስቶታል።

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ስማቸውን እንዳይጣሩት ነዋ።»

«ማን?»

«እርስዎ። ከእርስዎ በፊት ደግሞ እኔ» አለች። ይህም በድምፅ ማጉያው ተሰማ፤ መንገዱ ዳር ያሉት ሱቆች ሁሉ ሰምተውታል።

ኃላፊው ሕዝብ በተሰበሰበበት ነርሱን ይዞ መሄድ አልቻለም። ዝውውሩ ለጊዜው ይቆይ፣ ጉዳዩ ይጠና አለ። በእነዚህ ሰዎች ቋንቋ ይጠና ማለት መሳቢያ ውስጥ ይግባ ማለት ነው። እትዬ መስኮት በዕድሜዋ ስትራገመው የኖረችውን መሳቢያ በዚያች ቀን ብቻ መረቀችው። ሐኪሙ የባለወፍጮውን ጉንጭ እንደገና አጥቦ፣ ማንም ሳያዘው ይቅርታ ጠየቀውና ወንበሩን ማጠፍ ጀመረ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ሰልፉ መንገድ የሚዘጋበት ቀን። እትዬ መስኮት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ጠየቀች። ለዶሮዎቿ ያስቀመጠችውን ግማሽ ጆንያ በቆሎ ተሸክማ ስትደርስ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንድም ሰው የለም። ከወንዙ ማዶ ሌላ ወፍጮ አለ፤ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሰዎች ጆንያቸውን ጭነው፣ ወደ በሩ ላለማየት አንገታቸውን ወደ ሌላ ጎን አጣመው ወደዚያ ያልፋሉ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዘወትር አንጀቴን በላው የሚሉት ናቸው። ባለወፍጮው ጉንጩ አብጦ፣ ቺንጋውን አስተካክሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ውስጥ ተቀምጧል። ሚስቱ አጠገቡ ሆና ንጹሑን ወለል ትጠርጋለች።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አላት። «ቤትሽ ዱቄት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የፈጨሁልሽ።»

«ለዶሮዎቼ ነው።»

ተነስቶ ጆንያዋን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ሰጥታው ልትሄድ ነበር፤ ከዚያ የሚያልፉትን ሰዎች አየችና ጆንያውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«አትቸኩል» አለችው። «አሁን ከፈጨህልኝ ሰልፍህ አለቀ ማለት ነው። ልቆይ።»

መንገዱ ዳር፣ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ፣ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። ያለፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራች እንደምን ዋልክ ትላለች፤ አንገቱን ያጣመመውም ሳይወድ በግድ ዞሮ ይመልሳል። ፀሐይ አናቷ ላይ ወጣች፣ ወረደች። የባለወፍጮው ሚስት ሻይ አመጣችላት። ነርሱ ሲያልፍ ቆም ብሎ ባለወፍጮውን አነጋገረው፤ ሰው እያየ፣ በር ሳይዘጋ። ማንም ጆንያ አላመጣም። እትዬ መስኮት እነዚህን ሰዎች በልቧ ስትሰድብ የቀራት ስድብ አልነበረም። ግን ከቦታዋ አልተነሳችም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አንድ ሽማግሌ ጆንያ በትከሻው ይዘው መጡ። አግዳሚው ላይ ዘወትር ከሚደረደሩት አንዱ ናቸው፤ የሪህ በሽተኛ፣ አሉባልታ የሚወዱ። ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ አዩት፤ ጉልበታቸውን አዩት። ከዚያ እሷን አዩና፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ማንም እንደሌለ እያዩ፣ ሰው ወፍጮ ቤት ሲደርስ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«መጨረሻው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ መስኮት። «ከእኔ ቀጥሎ እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ጆንያቸውን ከኋላዋ አወረዱ። ባለወፍጮው ተነስቶ ሞተሩን አስነሳ።